ፍየሎች ልሰው የጣሉት ግድግዳ

ግንበኛን ጡረታ የሚያወጣው ጉልበቱ ነው። የኔ ግራ ጉልበት ባለፈው ክረምት ከመወጣጫ ላይ ስወርድ «በቃኝ» አለ፤ ቀኙም ብቻውን መሥራት እንደማይፈልግ ወዲያው አስታወቀ። ልጆቼ መዶሻዬንና ቱምቢዬን ሰብስበው አልጋ ሥር ከተቱና «አባባ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብለህ እረፍ» አሉኝ። ቁጭ ብሎ ማረፍ ከሁሉ የከበደ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ባለ ኮንትራት በብሎኬት ቤት ያሠራል። ጨዋ ሰው ነው። ደጄ ላይ ተቀምጬ ሥራውን ስመለከት አንድ ቀን ወደኔ መጣና፣ «አባ ሰይድ፣ እርስዎ የሥራ ፈቃድ ሲያወጡ ምን ጠየቁዎት?» አለኝ።

«ስለ ፍየል» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ስቆ ሄደ። አልቀለድኩም። ስለዚህ ነገሩን ከነአመጣጡ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። ጣልያን መንገድ ሲቆርጥ ድንጋይ ፈላጭ ይፈልግ ነበርና ከሰፈራችን ልጆች ጋር ተቀጠርኩ። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲሄድ እኛም አብረነው ሄድን። መቀሌ ስንደርስ መንገዱ ቀጠለ፣ እኔ ቀረሁ። የቀረሁበት ምክንያት ካፖው ነው። ካፖ የሚባለው የሠራተኛ አለቃ ነበር፤ ከአማርኛ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ቶሎ»። ሲጠራን ቶሎ፣ ሲሰድበን ቶሎ፣ ምሳ ሲለቀን ቶሎ። የልጁን ፎቶግራፍ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየን ቀን እንኳ በጣቱ እየጠቆመ «ቶሎ፣ ቶሎ» አለን፤ ቆንጆ ነው ማለቱ ይመስለኛል። በአለንጋም ይማታ ነበር፣ ያኔም የሚለው ያንኑ ነው። አንድ ቀን ጀርባዬን አሳክኮኝ ቀና ስል ቶሎ አለኝ፤ እኔም ቶሎ ብዬ ሄድኩ። ወደ መንገዱ ግን አልነበረም።

በመቀሌ ገበያ አካባቢ ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በተቆፈረ መሠረት ዳር ተቀምጠው ጥሕሎ ሲበሉ አገኘሁ። ከገብስ የሚሠራ የዚያ አገር ምግብ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሞልቶበታል። ይበላሉ፣ ውሃውን ያያሉ፣ ይበላሉ፣ ውሃውን ያያሉ።

«አቦይ፣ ምን ይጠብቃሉ?» አልኳቸው። አቦይ በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ አቦይ ነው።

«መሬቱ ምሳውን እስኪጨርስ» አሉኝ።

እብድ ናቸው ብዬ ልሄድ ነበር። ረኃቡ ከለከለኝ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥሕሎውን አጋሩኝ። በልተን ስንጨርስ ውሃው ከነበረበት ብዙም አልጎደለም። ሽማግሌው፣ ስማቸው አቦይ ሐጎስ ነው፣ እጃቸውን አራግፈው ተነሡና አካፋውን ለኔ ሰጡኝ።

«መሬቱ ገና አልራበውም። ጥቁር ጭቃ ነው ያለው፣ ውሃ ይይዛል። ቁፈር።»

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ስለ ደመወዝ የተነጋገርነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ እሱንም እሳቸው አስታውሰው ነው።

አቦይ ሐጎስ በከተማው ስመ ጥር ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ ሲመርጡ በመዶሻ ጫፍ ኮርኮም ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ለማዕዘን ይሄዳል፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለና ለመሙያ ይሰበራል። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው እንደ ሊጥ ያሳድሩታል፣ እስኪሸት ድረስ። ግድግዳው በሁለት ጎን ሲወጣ፣ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ በየመሐሉ አጋድመው ሁለቱን ፊት ያስሩታል። «ባልና ሚስት ልጅ አጥተው እንዳይለያዩ» ይሉ ነበር።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ነው። ግድግዳን በፊቱ አያመሰግኑም። ሥራዬ ካማራቸው በዓይናቸው ይጠቅሱኝና ተከትያቸው ጥግ ዞሬ እሄዳለሁ፤ እዚያ በሹክሹክታ «ጽቡቕ፣ ቆንጆ ነው» ይሉኛል።

«እዚያው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳይሰማ ነዋ! ግድግዳ ሲያመሰግኑት ሆዱን ይነፋል።»

ሆዱን የነፋ ግድግዳ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማንም ግንበኛ ያውቃል።

ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ የግንባታው ገበያ ቅጥ አጣ። ሲሚንቶ ጠፋ፤ ቆርቆሮ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ዕቃ ሆነ። ዋጋ ስንነጋገር በማርትሬዛ ይሁን፣ በሊሬ ይሁን፣ በሽልንግ ይሁን ሳንስማማ ይመሻል። ለጣልያን አንድ ባልዲ ውሃ የተሸከመ ሁሉ ኮፍያ ገዝቶ «ኢምፕሬሳ ነኝ» አለ፤ ጣልያኖች ሥራ ተቋራጭን እንዲያ ነበር የሚጠሩት። የካፖዎቹ ወጥ ሠሪ የነበረው ተክላይ ሳይቀር ቤት መሥራት ጀመረ። ዝናብ ሲያስገመግም ሰው ሰማዩን ትቶ ግድግዳውን ያያል።

እኔም በዚያ ግርግር ውስጥ የመጀመሪያውን የራሴን ሥራ ያዝኩ። አቦይ ሐጎስ ለአጨዳ ወደ ገጠር ወርደው ነበር። አያ ተስፋይ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ጠሩኝ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ በዝግታ፣ ሲስቁ በሆዳቸው ነው። ዱሮ ጨው ከአፋር በረሃ በግመል ይመጣና ወዲያው በአህያና በበቅሎ ይበተን ነበር፤ አሁን ግን ካሚዮን መጣ። ነጋዴው ብዙ አከማችቶ መኪና መጠበቅ ፈለገ። «ትልቅ መጋዘን ሥራልኝ፣ ሰይድ ሓወይ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

ሠራሁት። መሬቱን ምሳ አበላሁት፣ ድንጋዩን አዳመጥኩ፣ ጭቃውን አሳደርኩ። ማዕዘኑ ቱምቢ ሲወርድበት ፀጉር አያስገባም ነበር። ያለቀ ቀን ከፊቱ ቆሜ ጮክ ብዬ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!» አልኩ። አዎ፣ በፊቱ።

አያ ተስፋይ አሞሌውን እስከ ጣራው ድረስ ግድግዳውን አስደግፈው ደረደሩት። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው የአደይ ምጽላል ፍየሎች ከመጋዘኑ ሥር መጥፋት አቆሙ። አደይ ምጽላል ሰዋ ጠምቀው የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ አደይ እናቴ፣ ሰዋ ደግሞ ጠላ ማለት ነው። ፍየሎቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ይቆማሉ፣ ማታ እያባረሩ ይወስዷቸዋል። ጥላው ተመችቷቸው መሰለኝ። እንዲያውም ኮራሁ። ቀጥሎ ላሞች መጡ። በገበያ ቀን አህዮች ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ተሰለፉ።

ክረምት ገባ። በአንድ የገበያ ቀን፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ ሳለ፣ ሰው እየሮጠ መጥቶ «ግድግዳህ!» አለኝ። ስደርስ ግድግዳው ቆሟል፤ ሆዱን ግን ነፍቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ከወገቤ በታች በድንጋዮቹ መሐል ጭቃ የለም። ባዶ ነው። አንዲት ነጭ ፍየል ምላሷን እስከ ሥሩ ሰዳ የቀረውን ታወጣለች። ጨው ከውስጥ እርጥበት እየሳበ ጭቃውን አጥግቦታል፣ ፍየሎቹም ከውጭ ልሰው ጨርሰውታል።

«ሽህ!» አልኳት። ፍየሏ ዘላ ስትሄድ በኋላ እግሯ አንድ ድንጋይ ገፋች። ግድግዳው አልተገነደሰም፤ እንደደከመው ሰው እፍፍ ብሎ ወደ አደይ ምጽላል ግቢ ተቀመጠ።

ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ለገበያ የተዘጋጀ ሰዋ የሞላባቸው ጋኖች ከሥሩ ነበሩ። ሰዋው ፈሰሰ፣ አሞሌው በላዩ ተንሸራተተ፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ገባ። ጨው ልሰው ሰዋ ጠጡ፣ ሰዋ ጠጥተው ጨው ላሱ። ማታ ላይ ፍየሎቹ ሰክረው አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ሲሄዱ ያላያቸው የመቀሌ ሰው የለም። እኔንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ሰይድ ልሑስ» ይለኝ ጀመር፤ የተላሰው ሰይድ ማለት ነው። ስሙ ከጉልበቴ በላይ ዕድሜ አግኝቷል፣ እስካሁን አለ።

ያን ሰሞን ግን አልሳቅሁም። ከሰው ዓይን ለመሸሽ በጓሮ በጓሮ እሄድ ነበር። ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ወሎ ልመለስ ስል ለአጨዳ ሄደው በዚያው የከረሙት አቦይ ሐጎስ ከገጠር ደረሱ። አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ «ና፣ አሳየኝ» አሉ።

ፍርስራሹ ላይ ወጡ። ከድንጋይ ላይ ጭቃ ፋቁና ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ትንሽ አላመጡ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አቦይ፣ ምን ያስቅዎታል? አዋረድኩዎት እኮ!»

«ዋይ አነ፣ ሰይድ ወደይ፣ ልጄ! እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምሠራው። ለሰው ሠርቻለሁ፣ ለቄስ ሠርቻለሁ፣ ለበሬ ሠርቻለሁ። ለጨው ሠርቼ አላውቅም። አሁን ሁለታችንም እንማር።»

እንደገና ሠራነው። አያ ተስፋይ ድንጋዩን፣ እኛ ጉልበታችንን አዋጣን። ወለሉን ከፍ አድርገን ከሥሩ የውሃ መውረጃ ቀደድንለት። ከውስጥ በኩል አሞሌው ግድግዳውን እንዳይነካ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትተን በጣውላ ከለልነው። ከታች ያለውን የውጭ ፊት ደግሞ ድንጋዩን በመሮ ጠርበን፣ ያለ ጭቃ፣ ጥርስ በጥርስ አገጣጠምነው። እስከ ምን ከፍታ የሚለው አከራከረን። አቦይ ሐጎስ ያቺን ነጭ ፍየል አስመጡና ከድንጋዩ በላይ ቅጠል ይዘው ጠሯት። በኋላ እግሯ ቆመች፣ አንገቷን ሰደደች፣ ምላሷን ሰደደች። ምላሷ የደረሰበት ላይ በከሰል አሰመሩ። አሰቡና ከመስመሩ በላይ አንድ ክንድ ጨመሩ። «ልጆቿ ከሷ የረዘሙ እንደሆነስ?»

ግድግዳው ካለቀ በኋላ ነው አዋጁ የመጣው። ነጋሪው በገበያ መሐል ቆሞ፣ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ቤት የሚሠራ ሰው መሣሪያው እንደሚወረስ ተናገረ። ፈቃድ ፈላጊ ለጠያቂዎች ይቀርባል፤ ሥራ የሠራላቸውን ሁለት ሰዎች ለምስክርነት ያመጣል። የቀረው ሥራዬ ሁሉ የአቦይ ሐጎስ ስለነበር በራሴ ስም የሠራሁት ያንን መጋዘን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ።

ነገሩን ያባባሰው ዘይነባን ማጨቴ ነው። አባቷ ከወሎ መጥተው መቀሌ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ጥብቅ ሰው ናቸው። «ፈቃዱን ሳይ ፈቃዴን እሰጣለሁ» አሉኝ። ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ወደ መንገድ ብመለስ ዘይነባ እንደማትከተለኝ አባቷም እኔም እናውቃለን። ዘይነባ ራሷ እከተላለሁ ትል ነበር፤ እሷን የጠየቃት ግን አልነበረም።

ጠያቂው አቶ ጌታነህ የሚባሉ ከሸዋ የተሾሙ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ድልድይ አሠርተዋል አሉ። ከኔ በፊት ወጥ ሠሪው ተክላይ ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር እንሰማለን።

«ኖራና አሸዋ ስንት በስንት ይደባለቃል?»

ተክላይ ኮፍያውን አወለቀ። «እንደ ቤተሰቡ ብዛት» አለ።

ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወጣ። በኋላ ጥሩ ምግብ ቤት ከፈተ፤ እግዜር ይስጠው፣ ሁላችንንም አጥግቦናል።

እኔ ተጠራሁ። አያ ተስፋይ ከጎኔ ቆሙ። ምን እንደሚሉ አስቀድሜ ጠይቄያቸው «እውነቱን» ብለውኛል።

«ይህ ሰው መጋዘን ሠርቶልዎታል?» አሉ አቶ ጌታነህ።

«አዎ፣ ጎይታይ» አሉ፤ ጌታዬ ማለታቸው ነው።

«እንዴት ነው?»

«ወድቋል።»

አቶ ጌታነህ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ግን» አሉ አያ ተስፋይ በዝግታ፣ «በሥርዓት ነው የወደቀ። ወደኔ አልመጣም፤ ወደ ጎረቤት ነው የሄደ። ጨውም ብዙ አልጠፋብኝም። ከዚያ መልሶ ሠራ፤ ያኛው ቆሟል።»

«ሁለተኛውስ ምስክር?»

የለኝም ልል አፌን ስከፍት፣ አደይ ምጽላል ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን ገፍተው ገቡ። ማንም አልጠራቸውም።

«እኔ አለሁ! ጋኖቼን የሰበረው እሱ ነው! ሰዋዬን ያፈሰሰው እሱ ነው! ለእሱ ፈቃድ ከሰጣችሁ ለአውሎ ነፋስም ስጡት!»

አቶ ጌታነህ አስቀምጠው አረጋጓቸው። «እሺ እናቴ፣ ይናገሩ። ግድግዳው በምን ምክንያት ወደቀ?»

«ፍየል ላሰው!»

«ፍየል?»

«ፍየል፣ ጎይታይ። ቀን ሙሉ ይልሱታል። ጭቃውን ጨርሰው በሉት።»

«እና ፍየሎቹ የማን ናቸው?»

አደይ ምጽላል ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ መስኮቱ አዩ። ወደኔም አዩ።

«የኔ ናቸው» አሉ።

አያ ተስፋይ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቶ ጌታነህ መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረብ ሲወለውሉ ብዙ ቆዩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጧል። «እናቴ፣ አሁንስ ፍየሎቹ ይልሱታል?»

አደይ ምጽላል በእውነት ላይ ሲመጣ የማይጠመዘዙ ሴት ናቸው። «አይልሱትም» አሉ በንዴት። «ሞከሩ። ነጯ ጥርሷን ልትሰብር ነበር። አሁን የሌላ ሰው አጥር ይበሉብኛል፣ እኔንም ከሰው ያጣሉኛል።»

አቶ ጌታነህ ወደኔ ዞሩ። «አዲሱ ግድግዳ ስንት ክረምት ይችላል?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ጨው ገና እያስተማረኝ ነው።»

ጽፈው ሰጡኝ። ፈቃዱ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅና የከብት በረት እንድሠራ ይፈቅዳል፤ ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም «የጨው መጋዘን ሳይጨምር» ይላል። «አዲሱ ክረምትን ሲችል እናየዋለን» አሉኝ። ቅር አላለኝም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። የዘይነባ አባት ወረቀቱን አስነበቡና ቀይ ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ጺማቸውን ዳበሱ። «ልጄ ጨው አይደለችም» አሉና ልጃቸውን ሰጡኝ።

የሚቀጥለው ክረምት ያለ ርኅራኄ ዘነበ። የከተማው የጨው መጋዘኖች አንድ በአንድ ሆዳቸውን ነፉ፤ የአያ ተስፋይ ግን ፍንክች አላለም። ያኔ የጨው ነጋዴዎች ሁሉ ደጃፌን አጣበቡት። ተሰልፈው የመጡት ያልተፈቀደልኝን ብቸኛ ሥራ እንድሠራላቸው ነው! ወደ አቶ ጌታነህ ሮጥኩ። ፈቃድ ማሻሻል ከአዲስ አበባ መልስ እንደሚጠይቅ፣ እስከዚያው ግን ለጨው ፈቃድ ያለው ሌላ ግንበኛ ኃላፊ ከሆነ አብሬው መሥራት እንደምችል ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ግንበኛ በከተማው አልነበረም። አቦይ ሐጎስ ራሳቸው ፈቃድ አላወጡም፤ ዓይናቸው ስለደከመ መዶሻቸውን ሰቅለው የልጅ ልጅ ያጫውቱ ነበር።

ነገርኳቸው። ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው በትራቸውን አነሡ።

አቶ ጌታነህ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። የተከራዩትን ቤት የሠሩት አቦይ ሐጎስ ናቸው።

«አቦይ፣ የምን ፈቃድ ልስጥዎት? የመኖሪያ ቤት?»

«አይደለም። የጨው።»

«የጨው ብቻ? እርስዎ እኮ ሁሉንም ይችላሉ።»

«የቀረውን እሱ አለው» አሉ በበትራቸው እኔን እያመለከቱ። «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ፈቃድ ምን ያደርግለታል?»

አቶ ጌታነህ ፈቃዱን ጻፉ። አቦይ ሐጎስ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ አብረን ሠራን። እኔ እገነባለሁ፣ እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ድንጋዩን ያዳምጣሉ፤ ዓይናቸው ፈጽሞ ሲጠፋም ጆሯቸው አልጠፋም ነበር። የአዲስ አበባው መልስ እስካሁን አልደረሰኝም።

ያን ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ አቦይ ሐጎስ ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

«በል፣ ሰይድ ወደይ» አሉኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጨው የኔ፣ ሰው ያንተ።»

ከዚያም ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን በጋቢዬ ጫፍ ጠረጉ። ዘይነባ የፈተለችው አዲስ ጋቢ ነበር።